የአሮጌ መኪናን የሞተር ክፍል ሽቦ እንደ አዲስ መዘርጋት

ባትሪውን የሚሞላው የድሮው ዲናሞ ወርዶ በቦታው አልተርኔተር ይገጠማል፣ ራዲያተሩ የኤሌክትሪክ ፋን ያገኛል፣ የፊት መብራቱ በኤች 4 አምፖል ይቀየራል፤ ሽቦው ግን የድሮው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ጭስ ከክሩስኮት (ከሾፌሩ ፊት ካለው የመለኪያዎች ሰሌዳ) ሥር መውጣቱ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ፔጆ 404ን፣ ፊያት 124ን ወይም የድሮ ላንድሮቨርን የመሰሉ መኪኖች ሲሠሩ ሽቦአቸው የተለካው ከ22 እስከ 30 አምፒር ገደማ ለሚያወጣ ዲናሞ ነው። ዛሬ በቦታው የሚገባው አልተርኔተር 55 አምፒርና ከዚያ በላይ ያወጣል። በዚያ ላይ በብዙዎቹ መኪኖች የመብራቱ ኃይል በክሩስኮት ዞሮ፣ በማብሪያው ውስጥ አልፎ ነው ወደ ፊት የሚመለሰው። ስለዚህ ያረጀውን ሽቦ በተመሳሳይ አዲስ ሽቦ መተካት አይበቃም። ብዙ አምፒር የሚወስድ ዕቃ ሁሉ በፊውዝና በሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ) አልፎ፣ በአጭር መንገድ ከባትሪ መመገብ አለበት፤ የድሮው ማብሪያ ሪሌውን ብቻ ይዘዝ።

መጀመሪያ ዕቃው ይሟላ

ዕቃው ሳይሟላ አንድም ሽቦ አይቁረጡ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያጡትን ዕቃ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እስኪያስመጡ መኪናው ተፈትቶ ይቆማል፣ የትኛው ሽቦ የት እንደነበረም ይረሳል። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ሞተሩ ከፊት ለሆነ መኪና ይህ ይበቃል፦

- ባለ 1.5 እና ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመኪና ሽቦ፣ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር፣ በተለያየ ቀለም
- ባለ 4 ካሬ 6 ሜትር፣ ባለ 10 እና ባለ 16 ካሬ ሁለት ሁለት ሜትር
- ለሞተሪኖ (ሞተሩን ለሚያስነሳው) እና ከባትሪ ወደ ብሎክ ለሚሄደው ማሳ ባለ 35 ካሬ፣ ከብሎክ ወደ ሻሲ ለሚሄደው ማሳ ባለ 25 ካሬ ገመድ (ማሳ ማለት ኃይሉ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው)
- ባለ 12 ቮልት 30 ወይም 40 አምፒር ሪሌ 4፣ ከነመሰኪያው
- ክዳን ያለው ባለ 8 ፊውዝ ሳጥን፣ በብሎን የሚታሰሩ የ80 እና የ60 አምፒር ትልልቅ ፊውዞች፣ አንድ የ30 አምፒር ፊውዝ ከነቤቱ
- ተርሚናሎች፣ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚኮማተር ቲዩብ፣ የፕላስቲክ የሽቦ ቱቦ፣ የጨርቅ ናስትሮ፣ ጎሚኒዎች (ሽቦ በላሜራ ሲያልፍ ቀዳዳው ውስጥ የሚገቡ የጎማ ቀለበቶች)
- የተርሚናል መጭመቂያ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ ባለ 21 ዋት አምፖል ከነሶኬቱ

የቤት መስመር የሚዘረጋበት ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ እዚህ አይገባም፤ በሞተሩ ንቅናቄ ከተርሚናሉ ሥር ይሰበራል። ሲገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ያድርጉት። ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ከታየ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነውና ይመልሱት፤ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበላል። ሪሌና መሰኪያ ከተጣለ ቶዮታ ላይ ማውጣት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሽቦውን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡት።

ሌላው ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር የባትሪው አያያዝ ነው። አንዳንድ የቆዩ ላንድሮቨሮች ከሻሲ ጋር የሚታሰረው ጫፋቸው ፖዘቲቩ ነው። በዚህ ሁኔታ የተገጠመ አልተርኔተር ወይም ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ወዲያው ይቃጠላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ነጌቲቭ መገልበጥ አለበት። ባለ 6 ቮልት የሆኑ አሮጌ ቮልስዋገኖች ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ሌላ ሥራ ናቸው።

አፈታት

የባትሪውን ነጌቲቭ ያላቁ። እያንዳንዱን መገናኛ በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ ሽቦው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ናስትሮ ይጠቅልሉ፣ ያንኑ ቁጥር ደብተር ላይ ከሥራው ጋር ይጻፉ። ቀለሙን ብቻ ማመን አይበጅም፤ ከ40 ዓመት በኋላ ቀዩም ቡናማውም አንድ ዓይነት ጥቁር ይሆናል። ከክሩስኮት የሚመጣውን ሽቦ ላሜራው ጋ አይቁረጡት፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይተርፍ። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቹም ከደረቁ አሁን ይቀየሩ። አዲስ ሽቦ በሚያንጠባጥብ ቱቦ አጠገብ መዘርጋት እሳት መጋበዝ ነው።

ማሳው

የኤሌክትሪክ መንገድ ግማሹ ማሳ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ለመጨረሻ ያስቀረዋል። ሞተሩ በጎማ ትራስ ላይ ስለሚቀመጥ ከሻሲው ጋር በራሱ አይገናኝም። የማሳው ገመድ ከተበላ የሞተሪኖው አምፒር ሌላ መንገድ ይፈልግና በነዳጅ መርገጫው የብረት ገመድ ያልፋል። ቁልፉ ሲዞር ይህ ገመድ የሚግል ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከባትሪው ነጌቲቭ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ብሎክ ባለ 35 ካሬ ገመድ ይሳቡ፣ ከብሎክ ወደ ሻሲ ደግሞ ባለ 25። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀለሙ ተነስቶ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቁ፣ ያጥብቁ፣ ከዚያ በላዩ ግሪስ ይቀቡ። ለፊት መብራቶቹ ከሻሲ የተለየ ባለ 2.5 ካሬ ማሳ ይስጧቸው፤ የመብራቱ አቃፊ ላሜራ ከዛገ በእሱ ላይ መተማመን አይቻልም።

አልተርኔተሩ

ከአልተርኔተሩ ትልቁ ብሎን ባለ 16 ካሬ ሽቦ በ80 አምፒር ፊውዝ አልፎ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ይታሰራል። ፊውዙ ከባትሪው ከ20 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ይቀመጥ፤ በአደጋ ጊዜ ሽቦውን የሚያቃጥለው ባትሪው ነውና።

የዲናሞውን ኃይል ይቆጣጠር የነበረው የድሮው ሬጉሌተር ሳጥን ከሥራ ይወጣል። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ፦ ሳጥኑ ሲወጣ ቁልፍና መብራት አብረው ይሞታሉ፣ ምክንያቱም የመኪናው ምግብ በሳጥኑ በኩል ነበር የሚያልፈው። ያንን ሽቦ ለይተው በ30 አምፒር ፊውዝ፣ በአዲስ ባለ 4 ካሬ ሽቦ ከባትሪው ይመግቡት።

የቻርጅ መብራቷ ሽቦ ወደ አልተርኔተሩ ትንሽ ጫፍ ይሄዳል። አምፖሏ ከ2 እስከ 3 ዋት የሆነች የክር አምፖል ትሁን። ብዙዎቹ አልተርኔተሮች ሥራ የሚጀምሩት በእሷ በኩል በሚያገኙት ትንሽ ኃይል ነው፤ ኤልኢዲ ከተተካ ሞተሩ በደንብ ካልጮኸ ላይሞላ ይችላል። ክሩስኮቱ ላይ አምፒር መለኪያ ካለ ከመስመሩ ያውጡት። ለ30 አምፒር የተሠራ መለኪያ 55 ሲያልፍበት ክሩስኮት ውስጥ ይግላል። በቦታው ቮልት መለኪያ ይግጠሙ።

መብራትና ፋን

ከባትሪው በ60 አምፒር ፊውዝ አልፎ ባለ 10 ካሬ ሽቦ የፊውዝ ሳጥኑን ይመግባል። አንዱ ሪሌ ለአጭር መብራት፣ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለክላክስ፣ አንዱ ለፋን ነው። ሪሌው ላይ 30 ኃይል መግቢያ፣ 87 ወደ ዕቃው መውጫ፣ 85 እና 86 የትእዛዝ ናቸው። የመብራት ሪሌ በ86 የድሮውን የመብራት ሽቦ፣ በ85 ማሳ ይቀበላል።

የመብራቶቹን ሪሌዎች ባለ 4 ካሬ ሽቦ ይመግባቸው። የግራና የቀኝ አምፖል የየራሳቸው 10 አምፒር ፊውዝና ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ ይኑራቸው። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ ጉም በወረደበት ሌሊት አንድ ፊውዝ ቢቃጠል ሌላው መብራት ይቀራል። ትርፉም በዓይን ይታያል፤ በመንገድ ላይ የሚጠፋ አንድ ቮልት ከክር አምፖል ብርሃን ሩቡን ያህል ይወስዳል።

12 ኢንች ፋን ሲሽከረከር ከ10 እስከ 12 አምፒር ይወስዳል፣ ሲነሳ ግን እጥፍና ከዚያ በላይ። ስለዚህ ባለ 4 ካሬ ሽቦና 25 አምፒር ፊውዝ ይፈልጋል። የሪሌው 86 ከቁልፍ በኋላ ካለ መስመር ይመገብ፣ 85 ደግሞ በሙቀት ማብሪያው በኩል ማሳ ያግኝ። ለ82 ዲግሪ ቴርሞስታት፣ በ92 የሚያበራና በ87 የሚያጠፋ ማብሪያ ይስማማል።

ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግፊት ያልያዘ ውሃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። የራዲያተር ክዳኑ ላስቲክ ካረጀ ከኮምቦልቻ ሽቅብ ሲወጣ ውሃው ከፋኑ ቀድሞ ይገነፍላል፣ ሰውም ሽቦውን ይጠረጥራል። ክዳኑ ርካሽ ነው፣ ከማብሪያው ጋር አብሮ ይቀየር። ፋኑ አየሩን ወደ ሞተሩ እንደሚነፍስም በወረቀት ይፈትኑ፤ ሽቦው ከተገለበጠ በተቃራኒው ይዞራል።

ማቀጣጠያው

ፑንቲናው (ብልጭታውን ጊዜ ጠብቆ የሚያስነሳው የድሮ መገናኛ) በኤሌክትሮኒክ ሞጁል ከተተካ ከቁልፍ የሚመጣ ለብቻው የሆነ ባለ 1.5 ካሬ ሽቦ ይስጡት። የቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) በኦም የሚለካ የውስጥ ተቃውሞ ለሞጁሉ መስማማቱን መመሪያው ላይ ያረጋግጡ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተው ብዙ አይቆዩ፤ ቦቢናውም ሞጁሉም ይግላሉ።

አስተሳሰር

ተርሚናልን መጭመቅ ከመበየድ ይሻላል። የቀለጠው ብየዳ ወደ ሽቦው ክሮች ሰርጎ ያደርቃቸዋል፣ በንቅናቄ የሚሰበረውም ከደረቀው ቦታ ጫፍ ነው። እያንዳንዱን የተጨመቀ ጫፍ በእጅ ጠንከር አድርገው ይሳቡ፤ ከወጣ እንደገና ይሥሩት። ሽቦው ከጭስ መውጫው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰር፣ ላሜራ በሚያልፍበት ሁሉ ጎሚኒ ይኑር። ከሻሲ ወደ ሞተር የሚሻገረው ላይ ልል ይተው። ሪሌዎቹ እግራቸው ወደ ታች ይሁን፤ የክረምቱ ዝናብ ከላይ ገብቶ እንዳይተኛባቸው።

ፍተሻ

ባትሪውን ቀጥታ አያገናኙ። በነጌቲቩና በገመዱ መካከል ባለ 21 ዋቱን አምፖል ያስገቡ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ አምፖሉ ቦግ ካለ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጡ ሲጠፋ መስመሩ ይገኛል። ካልበራ ባትሪውን አገናኝተው ሞተሩን ያስነሱ። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መነበብ አለበት። መብራትና ፋን በርተው ከአልተርኔተሩ ብሎን እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ያለው ልዩነት ከ0.3 ቮልት፣ ከብሎኩ እስከ ነጌቲቩ ያለው ከ0.2 አይብለጥ። ከበለጠ መገናኛው በደንብ አልተፋቀም ወይም አልጠበቀም።

ከዚያ ኮምቦልቻ ወርደው፣ መብራቱን አብርተው ሐረጎን ይውጡ። ደሴ እንደደረሱ ኮፈኑን ከፍተው እያንዳንዱን ፊውዝና ተርሚናል በጣት ይዳስሱ። የሞተሩ ሙቀት ሁሉንም ስለሚያሞቅ፣ የሚፈለገው ከጎረቤቶቹ ተለይቶ የሚያቃጥለው ነው፤ እሱን አውጥተው እንደገና ይጭመቁት።