የሀንደልን «መሲሕ» በኮንሰርት ለመስማት እንዴት እንዘጋጅ?

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ የምትኖሩ ከሆነ፣ የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ በአካባቢያችሁ አንድ ኦርኬስትራና ኳየር (የመዘምራን ቡድን) የሙዚቃ ደራሲውን የሀንደልን «መሲሕ»፣ ስለ ክርስቶስ የሚዘመር ረጅም ሥራ፣ ማቅረቡ የተለመደ ነው። አብዛኞቹ ዘማሪዎች ቀን ሌላ ሥራ ላይ ውለው ማታ የሚለማመዱ ሰዎች ናቸው። ክላሲካል ሙዚቃ ሰምቶ የማያውቅ ወዳጄ «ከየት ልጀምር?» ቢለኝ፣ ከዚህ ጀምር እለዋለሁ። ግጥሙ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ስለሆነ ብዙዎቻችን አስቀድመን እናውቀዋለን።

መጀመሪያ ኮንሰርቱን ፈልጉ። የቤተ መጻሕፍትና የአብያተ ክርስቲያናት ማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ተመልከቱ። መግቢያው ብዙ ጊዜ ውድ አይደለም፤ አንዳንዱ ጋ በር ላይ የቻላችሁትን ትሰጣላችሁ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ሙሉው ይቀርብ እንደሆነ ጠይቁ። ሥራው ሦስት ክፍል አለው፤ ሙሉው ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለገና ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ክፍል አቅርበው፣ ከሁለተኛው ክፍል «ሐሌሉያ» የተባለውን ታዋቂ የኳየር መዝሙር ብቻ ጨምረው ይዘጋሉ። ታዳሚው አብሮ የሚዘምርበት ዝግጅትም አለ። ለጀማሪ ቁጭ ብሎ የሚሰማበት ይሻላል።

ቀጥሎ ያለውን እባካችሁ አትዝለሉት። ከኮንሰርቱ በፊት ባለው ሳምንት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አውጡና ኢሳይያስ 40 ከቁጥር 1 እስከ 5፣ ኢሳይያስ 9፥6፣ ሉቃስ 2 ከቁጥር 8 እስከ 14 አንብቡ። ለ«ሐሌሉያ» ራእይ 19፥6ን ጨምሩ። ዘፈኑ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዱ ቃል ደግሞ ደጋግሞ ስለሚጎተት እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ለሚናገርም ሰው ያመልጣል። ያነበበ ሰው ግን የት እንደደረሱ ያውቃል።

ለምሳሌ መጀመሪያ የሚቆመው ብቸኛ ዘማሪ ቴኖሩ (ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘማሪ) ነው፤ «አጽናኑ፥ ሕዝቤን አጽናኑ» ብሎ ይጀምራል። ወዲያው «ሸለቆው ሁሉ ከፍ ይላል» ወደሚለው ይሻገራል። እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡ። ኮረብታው ሲጠራ ዜማው ይወጣል፣ ዝቅ ማለቱ ሲነገር ይወርዳል። ጠማማው ላይ ድምፁ በሁለት ኖታዎች መካከል ይወዛወዛል፤ ሲቃና ደግሞ አንድ ኖታ ላይ ረግቶ ይቆያል። ሀንደል ጥቅሱን በድምፅ ሥሎታል። ይህን ሁሉ ያቀናበረው በ1741 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

ልብስ አያስጨንቃችሁ። ንጹሕና የሚመች ይበቃል። በ1742 ደብሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ፣ ቦታ እንዳይጠብ ሴቶቹ ቀሚሱን ከውስጥ የሚነፋውን ክብ ማቆሚያ፣ ወንዶቹ ሰይፋቸውን ትተው እንዲመጡ ተለምነው ነበር። የእናንተ ግዴታ ስልክ ማጥፋትና ሃያ ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉ ዳር ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የምትሰሙት መሣሪያ ሲቃኝ ነው። ብዙ ጊዜ ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ አንድ ድምፅ ይሰጥና ሌሎቹ በሱ ይቃኛሉ። ከዚያ ሙዚቃውን በእጁ የሚመራው መሪ ይገባል፣ ይጨበጨብለታል። በየመሃሉ ግን ዝምታ ሲሆን ለማጨብጨብ አትቸኩሉ፤ መሪው እጁን አውርዶ ወደ ታዳሚው እስኪዞር ጠብቁ። «ሐሌሉያ» ሲጀምር ብዙ ሰው ብድግ ይላል። በሀንደል ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ የነበሩት ጆርጅ 2ኛ ይህን ሲሰሙ ስለቆሙ ነው ይባላል፤ ታሪኩ ማስረጃ የለውም፣ ልማዱ ግን አለ። ሌላው ከቆመ አብራችሁ ቁሙ።

ሲያልቅ ቶሎ አትውጡ። ዘማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ወደ ታዳሚው ወርደው ይጫወታሉ። መዝሙር የምትወዱ ከሆነ አዲስ ሰው መቼ እንደሚቀበሉ፣ ፈተና ይኑረው አይኑረው ጠይቋቸው። ያለ ፈተና የሚያስገቡ ኳየሮች አሉ፤ ኖታ ማንበብ ባትችሉም ልምምዱ ላይ አንድ ቀን ተቀምጣችሁ እንድትሰሙ ይፈቀድላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።