ውሻ የምትፈራ ልጅ ሱቅ ድረስ እንድትሄድ እንዴት እናለማምዳት

ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ በኩል ውሻ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። የ5 ዓመት ልጅ «ሱቅ ሄጄ ብስኩቱን ራሴ ልግዛ» እያለች ትለምናለች፤ የጎረቤት በር ጋ ስትደርስ ግን እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትሸጎጣለች። እዚህ ላይ ትልቁ አጋዣችሁ ጉጉቷ ነው። ያንኑ ብስኩት ለማባበያ ቤት ካስቀመጣችሁ በውሻው በኩል የምታልፍበት ምክንያት አይኖራትም።

መጀመሪያ ውሻውን ምረጡ። በር ላይ የሚታሰር፣ ባለቤቱን የምታውቁት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተከተበ ይሁን። ቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ በመንጋ የሚውሉት ለዚህ አይሆኑም፤ እነሱን መፍራቷ ልክ ነው፣ አታስተዋት። ሌሊት የተፈቱ ውሾች በማለዳ ገና መንገድ ላይ ስለሆኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትውጡ።

ሰንሰለቱ እስከ መጨረሻው ሲወጠር ውሻው የት እንደሚደርስ ባለቤቱ ያሳያችሁ። 2 ሜትር ጨምራችሁ ኮብልስቶኑ ላይ በጠመኔ አስምሩ። «አይናከስም» አትበሏት፤ ጥርሱን እያየችው አታምናችሁም። «ከዚህ መስመር አያልፍም» ቢሏት ግን በዓይኗ ታረጋግጣለች።

ከዚያ ከሩቅ ጀምሩ። የመብራት ምሰሶ ጥሩ መለኪያ ነው። ፍርሃቷን በጣቷ ታሳያችሁ፦ ካልፈራች ጭብጥ፣ በጣም ከፈራች 5 ጣት። 3 ጣት የምታሳይበት ቦታ ቁሙና አውሯት፤ ጆሮው ምን ዓይነት ነው? ጅራቱስ? ወደ 1 ሲወርድላት ጥቂት እርምጃ ጠጋ በሉ። 5 ጣት ከሆነ ቸኩላችኋል፣ ራቅ በሉ። በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መለማመድ ቅዳሜን ጠብቆ ረጅም ሰዓት ከመቆም ይሻላል።

ብዙው ሰው የሚሳሳተው ውሻው ድንገት ሲጮህ ነው፤ ልጅቷን ብድግ አድርጎ ወደ ቤት ይሮጣል። ፍርሃቷ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ከሸሸች የዳነችው በመሸሿ ይመስላታል፣ በማግስቱም ይብስባታል። ጥቂት መልሷትና እዚያው እስክትረጋጋ ጠብቁ፤ ወደ ቤት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። «ፈሪ!» ማለት ወይም «ካልበላሽ ለውሻ ነው የምሰጥሽ» ማለትም የሳምንቱን ልፋት ገደል ይከታል።

ውሻ ሲቀርባት የምታደርገውንም ቤት ውስጥ አለማምዷት፦ አትሩጪ፣ ዓይን ዓይኑን አትዪው፣ እጅሽን ሰብስበሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ሲተውሽ ቀስ ብለሽ ሂጂ። ድንጋይ የሚያነሱ መስሎ ጎንበስ ማለት የሰፈሩ ሁሉ ዘዴ ነው፤ ውሻውም ስለሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። ለትንሽ ልጅ ግን አይሆንም፤ ጎንበስ ስትል ፊቷ ከውሻው አፍ እኩል ይሆናል።

ከነከሳት ወይም ከቧጨራት፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡት። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ከጀሪካን እየቀዳችሁ አፍስሱበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የባህል መድኃኒት ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ።

ውሻውን ማለፍ ስትጀምር ባለሱቁን አስቀድማችሁ ንገሩት። መልስ እንዳትጠብቅ ልኩን ብር ስጧት፤ «ጋሼ፣ ብስኩት ይስጡኝ» የምትለው ራሷ ትሁን። መጀመሪያ እጇን ይዛችሁ፣ ቀጥሎ ከኋላዋ ሆናችሁ፣ በመጨረሻም ከምሰሶው ጋ ቆማችሁ እያያችኋት ትሂድ። ባጃጅና መኪና የሚመላለስበትን አስፋልት ግን ብቻዋን አትሻገር።

ክረምት ሲገባ ልምምዱ መቋረጡ አይቀርም፤ ፍርሃቱም ትንሽ ይመለሳል። መስከረም ላይ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ፤ ሁለት ምሰሶ ወደኋላ ተመልሳችሁ ጀምሩ።