ጋብቻን በሕግ መፈጸምና ማስመዝገብ፦ ከሠርጉ በፊትና በኋላ ምን ይደረጋል?

አዳራሽ ይያዛል፣ ቬሎ ይመረጣል፣ ሚዜ ይለያል። ወረቀቱ ግን «በኋላ ይደርሳል» ይባላል። አንዲት ዘመዴ በዚህ ምክንያት ብዙ ተንገላታለች። ከባሏ ጋር በሰማንያ ተጋብተው ዓመታት ኖሩ፤ ጋብቻውን ግን አላስመዘገቡም። ባሏ በድንገት ሲያርፍ ሰማንያው ከቤት ጠፋ። ገና ከሐዘን ሳትነሳ፣ ሚስቱ እንደነበረች ለማስረዳት ምስክር እየለመነች ፍርድ ቤት ተመላለሰች። እናንተ ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈልግም።

እዚህ የምጽፈው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበትን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይዤ ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ክልል ላይ ከሆናችሁ እዚያው ጠይቁ።

መጀመሪያ፦ ሕጉ ይፈቅድላችኋል?
ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁ፣ በነጻ ፈቃዳችሁ የምትጋቡ፣ ሌላ የጸና ጋብቻ የሌላችሁና በሥጋም በጋብቻም ዝምድና የማትከለከሉ መሆን አለባችሁ። የቀድሞ ጋብቻዋ የፈረሰ ሴት እንደገና ለማግባት 180 ቀን መጠበቅ አለባት። ግን እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ወይም በዚህ መሀል ከወለደች አትጠብቅም። አንዳችሁ ውጭ አገር ካላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ተጋቢዎች ራሳቸው መቅረብ አለባቸው። በውክልና መጋባት የሚቻለው ከባድ ምክንያት ኖሮ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ቀጥሎ፦ ወረቀት ሰብስቡ
የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ያላገባ ማስረጃ። የተፋታ ሰው የፍቺ ማስረጃ፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት የሞት ማስረጃ ይጨምራል። ዝርዝሩን ወረዳው ላይ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንድ ወረቀት ጎድሎ መመለስ ያበሽቃል።

ቀኑን ቀድማችሁ አሳውቁ
ማዘጋጃ ቤት የምንለው ጋብቻ የሚፈጸመው በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻን በሕግ የሚያስፈጽመውና የሚመዘግበው ባለሥልጣን) ፊት ነው። ጋብቻው የሚፈጸምበት ቦታ ከተጋቢዎቹ አንዱ፣ ወይም ወላጃቸው ወይም የቅርብ ዘመዳቸው፣ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረበት መሆን አለበት። ሕጉ ሹሙ ከአንድ ወር በፊት እንዲያውቅ ይላል፤ መቃወሚያ ያለው ሰው እንዲቀርብም ማስታወቂያ ይወጣል። ስለዚህ የሠርግ ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት ሹሙ ጋ ሂዱ።

የንብረት ውል ካሰባችሁ
ይህን ማንሳት ብዙዎችን ያሳፍራል። «ገና ሳንጋባ ስለ መለያየት?» ይባላል። እኔ ግን በፍቅር ቀን መነጋገር ከጠብ ቀን ይሻላል ባይ ነኝ። ውሉ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ በጽሑፍ ይደረጋል፤ ከባል ሁለት፣ ከሚስት ሁለት ምስክር ይፈርሙበታል። ውል ከሌላችሁ ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ የየግላችሁ ሆኖ ይቀጥላል። ከተጋባችሁ በኋላ የተገኘው ግን፣ ቤቱ ወይም መኪናው በአንዳችሁ ስም ቢሆንም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ተብሎ ይገመታል። ከጋብቻ በኋላ እርስ በርሳችሁ የምታደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም።

በዕለቱ
ለየራሳችሁ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች ይዛችሁ ቅረቡ። መታወቂያቸውን እንዳይረሱ ዋዜማውን ደውሉላቸው። ቃለ መሐላ ትፈጽማላችሁ፣ ፈቃዳችሁን በግልጽ ትናገራላችሁ፣ መዝገቡ ላይ ትፈርማላችሁ።

በሃይማኖት ወይም በባህል ከተጋባችሁ
ጋብቻው በሕግ ፊት እኩል ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ እንደገና መጋባት አያስፈልጋችሁም። ማስመዝገብ ግን ግዴታችሁ ነው፣ በ30 ቀን ውስጥ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ ወይም ከሽማግሌዎች የተሰጣችሁን ወረቀት ይዛችሁ ከምስክሮቻችሁ ጋር ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ሂዱ። ጫጉላው ሳያልቅ ጨርሱት።

ሰርተፊኬቱን ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት
ፊደል በፊደል። «ኃይለ» በ«ሃ» ተጽፏል? «ገብረ ማርያም» ተለያይቷል ወይስ ተያይዟል? የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ከፓስፖርታችሁ ጋር ይመሳሰላል? የአያት ስምና የልደት ቀንም እዩ። ለቪዛ ወይም ለውርስ ስትቀርቡ አንዲት ፊደል ታስቆማችኋለች፤ እዚያው ቆማችሁ ማሳረም ግን ቀላል ነው። ከዚያ ኮፒ አውጡ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ዋናውን ሁለታችሁም በምታውቁት ቦታ አስቀምጡ።