ነዳጅ ሲሰጠው የሚንተፋተፍ ኢንጀክሽን ሞተር ሳይክል፦ ጥፋቱ የፓምፑ ወንፊት ነበር

በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) ደህና ይሠራል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ይንተፋተፋል፣ አቀበት ላይ ይደክማል። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም። አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች የነዳጅ ግፊት ሴንሰር የላቸውማ! ኮምፒውተሩ ግፊቱ ልክ እንደሆነ ቆጥሮ ኢንጀክተሩን (ቤንዚን የሚረጨውን ክፍል) ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይከፍታል፤ ግፊቱ ከወረደ በዚያው ጊዜ የሚረጨው ቤንዚን ያንሳል።

ስለዚህ ካንዴላ ከመቀየር በፊት የግፊት ጌጅ ማሰር ይሻላል። መደበኛው ብዙ ጊዜ 3 ባር አካባቢ ነው፤ እዚህ በሚኒሞ 2.7፣ ነዳጅ ሲሰጠው 1.8 ሆነ። ፓምፑ እየሠራ ሶኬቱ ላይ 12.4 ቮልት ስላለ ሽቦው ጤነኛ ነው። ፓምፑ ሲወጣ የመምጠጫው ወንፊት በዝገት ተደፍኗል። ወንፊቱና የፓምፑ ጎሚኒ ተቀየሩ፣ ታንኩም ታጠበ (ካልታጠበ አዲሱም ይደፈናል)፤ ግፊቱ 3 ላይ ጸና።

የነዳጅ መስመሩን ከመፍታት በፊት የፓምፑን ሶኬት ነቅላችሁ ሞተሩን አስነሱና ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ አለበለዚያ ቤንዚኑ ፊት ላይ ይረጫል።