ቤት ለቤት የምርጫ ቅስቀሳ ቨርጂኒያ ላይ እንዴት ይሰራል፣ በተለይ የኛ ሰው በር ላይ

ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫ የሌለበት አመት የለም፣ ፕሬዝዳንት ባይሆን ገቨርነር፣ ገቨርነር ባይሆን ኮንግረስ፣ እሱም ባይሆን የስቴቱ ምክር ቤት አለ፣ ስለዚ በር ማንኳኳት የሚችል ሰው ሁሌም ይፈለጋል፣ አማርኛ የሚችል ደግሞ በጣም ይፈለጋል። አንድ ድምፅ ምን ያመጣል ለሚላችሁ ሰው የ2017ቱን ንገሩት፦ ኒውፖርት ኒውስ ላይ 94ኛው ዲስትሪክት ውስጥ ለስቴቱ ምክር ቤት የቀረቡት ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አመጡና በጃንዋሪ 2018 ስማቸው ሳህን ውስጥ ገብቶ በእጣ ነው የተለየው፣ በዛ እጣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ 49 ያዙት። አንድ ሰው ከሶፋው ተነስቶ ቢወጣ ኖሮ እጣ ባላስፈለገ ነበር።

መጀመሪያ የምትደግፉትን ተወዳዳሪ ቢሮ ደውላችሁ ቮለንቲር መሆን እፈልጋለሁ በሉ፣ የትኛውም ፓርቲ ይሁን አሰራሩ ብዙም አይለያይም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥ ባይችልም በነፃ ማገልገል ይችላል። ስልካችሁ ላይ አፕ ያስጭኗችኋል፣ ዴሞክራቶች ጋ ሚኒቫን የሚባለው አፕ ነው፣ እዛ ላይ የምትሄዱባቸው ቤቶች ከነስማቸው ይመጡላችኋል። አማርኛ እንደምትችሉ ያኔውኑ ተናገሩና የኛ ሰው የሚበዛበትን ሰፈር ስጡን በሉ፣ አሌክሳንድሪያ ሳውዘርን ታወርስ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ምናምን፣ ካልጠየቃችሁ ማንም አስቦ አይሰጣችሁም።

ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 ስትራተን በምትባል የኦሃዮ መንደር ጉዳይ ላይ እንዲህ አይነቱን ቅስቀሳ ለማድረግ መጀመሪያ ፈቃድ አውጡ ማለት አይቻልም ብሎ ወስኗል። አፓርትመንት ግን የግል ንብረት ስለሆነ ሎቢው ላይ ያለው ሰው ውጡ ካለ መውጣት ነው፣ ስለዚ እዛው የሚኖር ሰው አስገብቶ አብሯችሁ ቢዞር ይሻላል።

ሰዓት ላይ አስቡበት። እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን ነው፣ አርብ ቀትር ላይ ሙስሊሞቹ ጁምአ ናቸው፣ ሌሊት ታክሲና ኡበር ሲነዳ ያደረ ሰው ደግሞ ጠዋት በሩን ብታንኳኩበት ድምፁን አታገኙትም። ቅዳሜ ከሰዓትና የስራ ቀን አመሻሽ ጥሩ ነው።

አሁን በሩ ላይ ናችሁ። ካንኳኳችሁ በኋላ ሁለት ሶስት እርምጃ ወደኋላ በሉ፣ በቀዳዳው ወይም በካሜራው ሙሉ ሰውነታችሁ ይታይ፣ ስልካችሁ ላይ አታቀርቅሩ። ሰላምታው በደንብ ይሁን፣ «እንደምን ዋላችሁ፣ ስሜ እገሌ ነው፣ እዚሁ ሰፈር ነኝ፣ ስለ ምርጫው ሁለት ደቂቃ ላናግራችሁ ነው»፣ ትልቅ ሰው ከሆኑ አንቱ ማለት አይረሳ። የተሰጣችሁን ስክሪፕት ቃል በቃል እየተረጎማችሁ እንዳታነቡ፣ ሰው ወዲያው ይሰለቻል።

እዚህ ጋ የኛ ሰው የተለየ የሚሆንበት ነገር አለ። በሩን የከፈቱት እናት «ስሜን ከየት አገኛችሁት?» ይላሉ፣ ይሄ ተራ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌን ነገር ያየ ሰው ስም ዝርዝር ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ያስፈራዋል፣ ልክም ነው። ሳትቸኩሉ አስረዱ፣ ስሙ የመጣው ከመራጮች መዝገብ ነው፣ መዝገቡ የሚያሳየው ሰውዬው መምረጥ አለመምረጡን፣ በፓርቲ ፕራይመሪ (የፓርቲው እጩ በሚለይበት ምርጫ) ከመረጠም የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ ነው፣ ግን ማንን እንደመረጠ የትም አይፃፍም፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሲመዘገቡም ፓርቲ አይጠየቅም። ይሄን የሰሙ ሰዎች ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ። ቡና ልናፈላ ነው ግቡ ካሏችሁ ግን አመስግናችሁ በሩ ላይ ቆሙ፣ አንድ ቤት ገብቶ መቀመጥ ማለት አስር ቤት መተው ነው።

ዜጋ ያልሆነ ሰው አጋጥሟችሁ ልመዝገብ ካለ በፍፁም እንዳታበረታቱ። ግሪን ካርድ ይዞ መራጭ ሆኖ የተመዘገበ ወይ የመረጠ ሰው ዜግነት የማግኘት እድሉን ሊያጣ፣ አልፎም ሊባረር ይችላል፣ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ) ሄዶ የመራጭ መመዝገቢያውን ሳያነብ የፈረመ ሰው እንኳ መዘዝ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚ ፎርም ከማውጣታችሁ በፊት ዜግነት እንዳላቸው በጨዋነት ጠይቁ፣ ከሌላቸው «ልጆችዎ ይመርጣሉ?» ብላችሁ እለፉ።

የሀገር ቤት ፖለቲካ መነሳቱ አይቀርም። በ2021ዱ የገቨርነር ምርጫ ጊዜ በሰሜኑ ጦርነት ላይ በነበረው የአሜሪካ አቋም የተቆጡ አንዳንድ ኢትዮጵያውያን ሪፐብሊካኑን ተወዳዳሪ ያንግኪንን በይፋ ደግፈው ነበር፣ ያኔ ዋይት ሀውስ በዴሞክራቶች እጅ ስለነበር። በዚህ ጉዳይ በር ላይ ቆሞ መከራከር ለማንም አይጠቅምም፣ አዳምጡ፣ ከዛ ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት አንሱ፣ ተወዳዳሪያችሁ በትክክል ያለውን ብቻ ንገሩ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1998 ኒው ሄቨን ከተማ ላይ ሲያጠኑት ፊት ለፊት የተነጋገሯቸው ሰዎች በብዛት ወጥተው ሲመርጡ ስልክ መደወሉ ግን ለውጥ አላመጣም፣ ማለትም ስራውን የሚሰራው ሰው ለሰው መገናኘቱ ነው።

ዋናው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው የሚረሳውም እሱን ነው። «እመርጣለሁ» ሲሏችሁ በዛ አትለፉ፣ መቼ፣ የት፣ ከስራ በፊት ነው በኋላ፣ ማን ያደርሳችኋል ብላችሁ ጠይቁ። ቀደም ብሎ ድምፅ መስጠት ከምርጫው 45 ቀን በፊት ይጀምራል፣ ማለትም ለኖቬምበሩ ምርጫ መስከረም ጠብቶ ብዙ ሳይቆይ ነው፣ ስለዚ ቀን ለመምረጥ ጊዜ አለ። ያልተመዘገበ ዜጋ ከ2022 ጀምሮ በእለቱም ተመዝግቦ በጊዜያዊ ድምፅ መስጫ መምረጥ ይችላል። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግራቸው ሰው ይዘው መግባት ይችላሉ፣ ህጉ ይፈቅዳል፣ የሚከለክለው አሰሪያቸውንና የዩኒየናቸውን ተወካይ ብቻ ነው፣ ይሄን ባለማወቅ ስንት እናት ቤቷ ቀርታለች። የምርጫውን እለት ሰዓት ስትነግሩ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግልፅ አድርጉ፣ «እስከ 7 ሰዓት ነው» ካላችኋቸው አንዳንድ እናቶች ቀትር ካለፈ ተዘግቷል ብለው ይቀራሉ፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 1 ነው በሉ፣ ምሽት 1 ላይ ሰልፍ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ እንደሚመርጥ ጨምሩ።

ከበሩ እንደዞራችሁ ሳትረሱት አፑ ላይ መዝግቡ። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5 ነው፣ 1 የለየለት ደጋፊ፣ 5 የተቃራኒው ወገን። ለማስደሰት ብላችሁ 3 የሆነውን 1 አትበሉ፣ ቢሮው በመጨረሻው ሳምንት ማንን እንደሚያስታውስ የሚወስነው በሱ ነው። ማንም ካልከፈተ ፍላየሩን በሩ ላይ ሰኩት፣ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ግን አታስገቡ፣ ቴምብር የሌለው ነገር እዛ መክተት በፌዴራል ህግ ክልክል ነው፣ እና «አማርኛ ብቻ» የሚል ማስታወሻ አፑ ላይ ፃፉ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የሚላከው በሱ ነው።