በሰው ሠራሽ እግር መራመድ ሲለማመዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክብደትን በጤነኛው እግር ላይ ብቻ መጣል። ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። ሰው ሠራሹን እግር ያላመነ ሰው በእሱ ላይ መቆየት ስለማይፈልግ ጤነኛውን ቶሎ አንሥቶ ቶሎ ያሳርፋል፤ አንዱ እርምጃ ረጅም፣ ሌላው አጭር ይሆንና ያነክሳል። ግራና ቀኝ በሚያዙት የመለማመጃ ብረቶች መካከል ሁለት የክብደት ሚዛኖች ጎን ለጎን ያስቀምጡና በእያንዳንዱ ላይ አንድ እግር አድርገው ይቁሙ። 60 ኪሎ ከሆኑ፣ ሁለቱም ወደ 30 እስኪጠጉ ድረስ ዳሌዎን ወደ ሰው ሠራሹ እግር ይግፉ። ትከሻን ማዘንበል የሚዛኑን ቁጥር ይቀይራል እንጂ የዳሌን ጡንቻ አያሠራም። ይህን ሲለምዱ ጤነኛውን እግር 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሳጥን ላይ እያወጡ ይመልሱ። ቀስ ይበሉ፤ ከተቻኮሉ ሰው ሠራሹ እግር ምንም ሳይሸከም ያልፋል።

ከዘራን በሰው ሠራሹ እግር በኩል መያዝም ስህተት ነው፤ በጤነኛው በኩል ይያዙት። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው ይቅደም፣ ሲወርዱ ሰው ሠራሹ።

ከጠዋት እስከ ማታ ከተቆረጠው እግር ላይ በሚለበሰው አንድ ካልሲ መዋል። ቀሪው እግር፣ ማለትም ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ክፍል፣ በቀኑ ውስጥ እየሟሸሸ ሶኬቱ (የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ጎድጓዳ ክፍል) ይሰፋበትና ወደ ታች ይሰምጣል። ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው የጉልበቱ ሎሚ ታችኛው ጫፍ ወይም የቀሪው እግር ጫፍ ሲጫነው ካልሲ ይጨምር። ሲለብሱ በደንብ ይወጥሩት፤ አንዲት ሽብሽብ ቆዳን ለማቁሰል ትበቃለች።

በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሰዓት አይልበሱት። ለ1 ሰዓት ያህል በመልበስ ይጀምሩ፣ መሐል ላይ አውልቀው ቆዳውን በመስታወት ይመልከቱ። በ20 ደቂቃ ያልጠፋ ቅላት ወይም ውሃ የቋጠረ ቦታ ካለ ሶኬቱ መስተካከል አለበትና ልምምዱን ያቁሙ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቁስሉ ላይሰማው ስለሚችል በዓይኑ ይፈትሽ።

ሲያርፉ ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ ይመቻል፤ ግን ጉልበትና ዳሌ እንደታጠፉ ይደርቃሉ፣ እግሩም ወደ ኋላ አልዘረጋ ይላል። በቀን 2 ጊዜ ለ20 ደቂቃ በሆድዎ ይተኙ።

ጫማ እንደልብ መቀያየር። ሰው ሠራሹን እግር የሚሠራው ባለሙያ እግሩን ያስተካከለው በአንድ የተረከዝ ከፍታ ነው። ተረከዙ ከዚያ ካጠረ ጉልበት ወደ ኋላ ይገፋል፣ አቀበት የመውጣት ያህል ይከብዳል፤ ከረዘመ ደግሞ ጉልበት ሳይታሰብ ይታጠፋል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲገቡ ጫማ ማውለቅዎ ስለማይቀር ይህን አስቀድመው ለባለሙያው ይንገሩ። በጫማው ተረከዝ ልክ የተቆረጠ ጠንካራ ጎማ ሰው ሠራሹ እግር በሚያጠልቀው ካልሲ ውስጥ፣ ከተረከዙ ሥር ሊያስገባልዎ ይችላል፤ ከእሱም ጋር ብረቶቹን ይዘው ይለማመዱ።