ጋሼን ከቶርኖው አታንሷቸው፤ መብራቱን አዙሩት

ቃሊቲ ባለው ወርክሾፓችን ሦስት ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን፣ አለ። ትልቁ ላይ የሚሠሩት ሰው 59 ዓመታቸው ነው። ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ ነው የምንላቸው። እኔ 54 ሞልቶኛል። 31 ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ፤ አሁን የወርክሾፑ ኃላፊ ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሳቸውም ለራሴም ነው።

አምና የአንድ ወፍጮ ቤት ሻፍት፣ የሚሽከረከረው የብረት ዘንግ፣ መጣልን። ኩሽኔታው (ዘንጉን አቅፎ የሚያሽከረክረው ቀለበት) የሚቀመጥበት ቦታ ልኩ 50 ሚሊሜትር ነው። ጋሼ ሠርተው ሲጨርሱ ኩሽኔታው ያለ ምንም ግፊት ስልል ብሎ ገባ። ስለካው 49.8 ነው። ሻፍቱ ተበላሸ። እሳቸው እንዲህ ሲስቱ አይቼ አላውቅም። የወርክሾፑ ባለቤት ጠርቶኝ «ጋሼ ደክመዋል፤ ወደ ጥበቃ እናዛውራቸው» አለኝ። በጣም አዘንኩ። አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት።

በማግስቱ ራቅ ብዬ ቆሜ አየኋቸው። ማሽኑን ያጠፋሉ። የብረቱን ውፍረት የሚለኩበትን ማይክሮሜትር ያነሳሉ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ በሩ ይሄዱና ወደ ብርሃኑ ያዞሩታል። ያርቁታል፤ መልሰው ያቀርቡታል። ቀና ብዬ ጣራውን ሳይ መብራቱ ከጀርባቸው ነው። የሚለኩት ብረት ላይ የሚያርፈው የራሳቸው ጥላ ነው። እጃቸው ምንም አልሆነም። ያቃታቸው ማየት ነው።

ዕድሜው የገፋ ሠራተኛ ያላችሁ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ቆማችሁ እዩ። ብትጠይቁት «ደህና ነኝ» ነው የሚላችሁ። ሥራዬን እቀማለሁ ብሎ ይፈራልና። የት ላይ ጎንበስ እንደሚል፣ ምኑን ሁለት ጊዜ እንደሚለካ፣ የትኛውን ዕቃ ለማንሳት ሰው እንደሚጠብቅ ተመልከቱ። ችግሩ እዚያ ነው ያለው።

ከዓይን እንጀምር። ከ40 ዓመት ወዲህ የቅርብ ነገር ይደበዝዛል። 60 ሲጠጋ ደግሞ ዓይን ከወጣትነቱ እጅግ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል። ለጋሼ አንገቱ የሚተጣጠፍ መብራት ማሽኑ ላይ ገጠምንላቸው። ከትከሻቸው ፊት፣ ከጎን እንዲመጣ አደረግነው። ከኋላ ከመጣ ጥላ ይሆናል፤ ከፊት ለፊት ከመጣ የሚያብለጨልጨው ብረት ዓይን ይወጋል።

መነፅር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መንገድ ላይ የሚሸጠው የማንበቢያ መነፅር መጽሐፍ በሚያዝበት ርቀት ነው የሚሠራው። ቶርኖ ላይ ያለው ብረት ግን ከዚያ ይርቃል። ስለዚህ ወደ ዓይን ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ሥራ ላይ እንደምትቆሙት ቁሙና ከዓይናችሁ እስከ ብረቱ ድረስ በሜትር ይለኩላችሁ። የእኔ 60 ሴንቲሜትር ሆነ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡት። እኔ ይህን ከማወቄ በፊት ሁለት መነፅር በከንቱ ገዝቻለሁ። ደግሞ አደራ፣ የማንበቢያ መነፅር ከሚፈናጠር ብረት አያድንም። መከላከያውን ከላይ ድረቡበት።

ልኩን በቁጥር የሚያሳይ ዲጂታል ካሊፐር የሚባል መለኪያም ገዛን። ጋሼ መጀመሪያ አልወደዱትም። አሁን ብረቱን ሲያወርዱ በእሱ ይለካሉ፤ የመጨረሻዋን ልክ ግን በማይክሮሜትራቸው ነው የሚያረጋግጡት። ይህንን አትከልክሉ። ሰው የሚያምነው መሣሪያ ሲኖረው እጁ ይረጋጋል።

ወደ ጉልበት ስንመጣ፣ ቀድሞ የሠራሁበት አንድ ቦታ ቻክ (ብረቱን ነክሶ የሚያሽከረክረውን የቶርኖ ክፍል) ብቻዬን ሳነሳ ትከሻዬን ተጎዳሁ። ያኔ 47 ዓመቴ ነበር። እስከ ዛሬ ቀኝ እጄ ከራሴ በላይ ሲሆን ያመኛል። ቻክ ከባድ ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ጎንበስ ብሎ፣ እጅን ዘርግቶ መያዙ ነው። ፓራንኮ፣ ማለትም ከባድ ዕቃ በሰንሰለት የሚያነሳ መሣሪያ፣ ካላችሁ ስቀሉት። ከሌላችሁ አናጺ ጠርታችሁ በቶርኖው ሐዲድ ላይ የሚቀመጥ፣ መሐሉ የጎደጎደ እንጨት አሠሩ። ቻኩ እሱ ላይ ይቀመጥና ተንሸራትቶ ወደ ቦታው ይገባል። ሲሚንቶው ላይም የእንጨት ርብራብ ዘርጉ። ጋሼ ጉልበታቸውን የሚያሹት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ርብራቡ ከገባ ወዲህ ቀርቷል። ከባዱን ሥራ ለጠዋት አድርጉት። ኦቨርታይምን ለወጣቶቹ ተዉት።

አሁን ዋናው ነገር። ጋሼ መቁረጫው መደነዙን በድምፅ ያውቃሉ። ይህ ከእሳቸው ጋር ጡረታ እንዲወጣ አንፈልግም። እንዴት ይተላለፍ?

ወርክሾፓችን በቁርጥ ነበር የሚከፍለው፤ በተሠራው ዕቃ ቁጥር ማለት ነው። በቁርጥ የሚከፈለው ሰው ሊያስተምር አይችልም። ለሚለማመደው ልጅ ሲያስረዳ ያጠፋት እያንዳንዷ ሰዓት ከራሱ ልጆች እንጀራ ላይ ነው የምትቀነሰው። ከዚያ «ሽማግሌዎቹ ሙያቸውን ይደብቃሉ» ይባላል! እኛ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ለጋሼ በሰዓት እንዲከፈላቸው አደረግን። በነዚያ ሰዓታት ማሽኑን አይነኩም። ልጁ ይሠራል፤ እሳቸው አጠገቡ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ተገላቢጦሽ አድርገነው ነበር፤ እሳቸው ሲሠሩ ልጁ ቆሞ ያይ ነበር። በወር ውስጥ ስልኩን ማየት ጀመረ። ስንገለብጠው ለውጡ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው «አቁም፤ አሁን ያለቀሰውን ሰማኸው?» አሉት። ልጁ መቁረጫውን ፈትቶ በጥፍሩ ሲነካው ጫፉ ተበልቷል። አንድ ልጅ፣ አንድ አስተማሪ ይሁን፤ ሦስት ልጅ አትስጧቸው።

አንድ የመስመር ደብተርም ግዙ። የማን ማሽን፣ ምን ብረት፣ ስንት ልክ፣ ምን አስቸገረ። ልጁ ይጽፋል፤ ጋሼ ይናገራሉ።

የጡረታውን ወረቀት ደግሞ 60 ሳይሞላ ጀምሩ፤ ቢቻል ከአምስት ዓመት በፊት። በአገራችን መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። የሚሠራው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ያስመዘገባችሁት የልደት ቀን ስለሆነ ፋይላችሁ ላይ ምን እንደተጻፈ አሁኑኑ እዩ። ስማችሁ በፋይዳ መታወቂያችሁና በፔሮሉ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል። መቆረጡ ብቻ አይበቃም፤ ገቢ መደረጉን አረጋግጡ። አንድ ቦታ ከእኔ ተቆርጦ ለወራት ሳይገባ ቆይቶ ነበር። የደረሰልኝ ያስቀመጥኩት የደመወዝ ወረቀት ነው።

ሒሳቡን እወቁት። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 በወጣው አዋጅ ነው። ከዚያ ጀምሮ 15 ዓመት የተከፈለለት ሰው እንበል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። ድምሩ 36.25 በመቶ ነው። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር ከሆነ በወር 4,350 ብር ያገኛል። የሚታሰበው በመደበኛው የወር ደመወዝ ነው። አሠሪያችሁ ፔሮል ላይ ትንሽ ጽፎ ቀሪውን በእጅ ከሰጣችሁ ዛሬ ደስ ይላል፤ ጡረታችሁ ግን በትንሿ ነው የሚሰላው። ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ወርኃዊ አበሉ ይቀራል። ዘጠኝ ዓመት ተኩል ላይ ያላችሁ አሠሪ ጋር ተጣልታችሁ ብድግ ብላችሁ አትውጡ።

ከ60 በኋላ መቀጠል ከተፈለገ በቃል አይሁን። ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ሥራ፣ ስንት ብር የሚል የጽሑፍ ውል ያስፈልጋል። የጋሼ 60 የሚሞላው በመጪው ጥር ነው። ረቂቁን ጨርሰናል፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ብቻ፣ ማስተማርና የመጨረሻውን ልክ ማረጋገጥ። ከባድ ነገር አያነሱም። ደመወዙ ላይ ከባለቤቱ ጋር ገና አልተስማማንም፤ ሰኞ እንደገና እገባለሁ፤ ደብተሩንም ይዤ ነው የምገባው።